ብርድ የሚጠግብ ዘር፦ ኮንፍላወርን ከዘር እስከ አበባ በጓሮዬ እንዴት እንደማሳድገው

ጃንዋሪ ላይ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጋሎኖቹ ነው። በኋላ በር ስትወጡ፣ አጥሩ ሥር፣ 11 ባዶ የወተት ጋሎን ተደርድሯል። ክዳን የላቸውም። ወገባቸው በፕላስተር ታስሯል። ግማሽ አካላቸው በረዶ ውስጥ ነው። ውስጣቸው አፈር አለ፤ አፈሩ ላይ ደግሞ የኮንፍላወር ዘር ተኝቷል።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን ደነገጠች። «አንቺ ልጅ፣ ዘሩን ውርጭ ላይ ጥለሽ ነው የምትተኚው? ውርጭ ባቄላ ይፈጃል እንጂ ያበቅላል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር ጥቅምትና ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ የዓመቱን ባቄላ አጥቁሮ ያድራል። ይሄ ዘር ግን ሌላ ነው። ክረምቱን ውጭ ካላሳለፈ ብዙው ከእንቅልፉ አይነሳም። ይህን እስክረዳ ድረስ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ እናንተ ያን ጊዜ እንዳታባክኑ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወሮቹንም ወቅቶቹንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ክረምት ስል የብርዱን፣ በጋ ስል የሙቀቱን ወቅት ማለቴ ነው፤ የዘር ፓኬቱም የሚናገረው በዚያው ነው። ጓሮዬ አራት ሜትር በስድስት ብትሆን ነው። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ጫማ ይይዛል። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ በየቀኑ ተንበርክኬ የምንከባከበው አበባ አልችልም። ኮንፍላወር የገባልኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አበባውን እንተዋወቅ

የአበባው ቅጠሎች ሮዝ ናቸው፣ ወደ ሐምራዊ ያደላሉ። ወደ ታች ዘንበል ብለው ይወርዳሉ። መሐሉ እንደ ጉልላት ያበጠ ነው፤ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ እሾህ የሚመስል ነገር ሸፍኖታል። በእጃችሁ ስትዳስሱት ይዋጋል። የሳይንስ ስሙ ኤኪናሲያ የመጣውም ጃርት ከሚል የግሪክ ቃል ነው። አገሩ የአሜሪካ ምሥራቅና መሐል ነው፤ ሣር ሜዳ ላይና ጫካ ዳር ላይ በራሱ የሚበቅል ነው። የኛ አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ዘሩን አንድ ቀን ከኑግ ጋር አጠገብ ለአጠገብ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት። የኑጉ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው። የኮንፍላወሩ ነጣ ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቅርጹ ግን ዝምድናውን ይናገራል።

ዘር ስትገዙ ፓኬቱ ላይ ኤኪናሲያ ፑርፑሪያ የሚለውን ፈልጉ። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ማግነስ፣ ኋይት ስዋን፣ ሻያን ስፒሪት የሚባሉትም ከዘር ይወጣሉ። ሻያን ስፒሪት ከአንድ ፓኬት ቢጫም፣ ቀይም፣ ብርቱካናማም ይሰጣል። ድርብርብ የሆኑትን፣ መሐላቸው እንደ ኳስ የተነፋውን ግን አልመክርም። ንቦች መግቢያ ያጡበታል። ደላዌር ውስጥ ማውንት ኩባ ሴንተር የሚባል የዕፅዋት ማዕከል ብዙ ዓይነት ኮንፍላወር ጎን ለጎን አሳድጎ ሲያነጻጽር ድርብርቦቹን የጎበኟቸው ነፍሳት ጥቂት ነበሩ። እኔ አበባ የምተክለው ጠዋት ከሥራ ስመለስ ንቦቹን ለማየት ነው። ባዶ አበባ ምን ይሠራልኛል?

ፓሊዳ እና አንጉስቲፎሊያ የሚባሉት ዘመዶቹ ረጅም ዋና ሥር አላቸው፤ ቦታ ሲቀየሩ ይከፋቸዋል፤ ብርድም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋሉ። ለሁለተኛ ዙር አቆዩአቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ

በ2016 የፀደይ ወር ላይ የመጀመሪያውን ፓኬት ገዛሁ። ዘሩን እንደ ልጅ ነው የተንከባከብኩት። ሳሎን ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ብዙ ማዳበሪያ ያለው ጥቁር አፈር ገዛሁለት። እንዳይበርደው ብዬ የጣት አንድ አንጓ ያህል ቀበርኩት። ከ40 ዘር የበቀለው ሦስት ነው። ሦስቱም ቀጥነው፣ ወደ መስኮቱ ተጣመው፣ በሁለተኛው ሳምንት ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በስብሶ ወደቁ።

አሁን ሳስበው ሦስት ነገር ነው የበደልኩት። አንደኛ፣ ዘሩ ብርድ አልጠገበም። ሁለተኛ፣ በጣም ጠለቀ፤ ይሄ ዘር ትንሽ ብርሃን ሲያገኝ ነው ቶሎ የሚነቃው፤ ሦስት ሚሊሜትር አፈር ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ሙቀትና እርጥበት ሳበዛ ሻጋታ ጠራሁ። በእርግጥ ፑርፑሪያ ያለ ብርድም የተወሰነው ሊበቅል ይችላል። ግን አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ብዙው ደግሞ ጭራሽ ሳይበቅል ይቀራል። አንድ ወር ቀዝቃዛ እርጥበት ያገኘ ዘር ግን ተያይዞ ነው የሚወጣው።

የጋሎኑ መንገድ

እኔ የምወደው ይሄን ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ።

ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ አንድ የወተት ጋሎን እጠቡ። ወተቱ ከሸተተ በኋላ ዝንብ ይስባልና በሳሙና አጥቡት። ክዳኑን ጣሉት፤ ዝናቡና አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ከታች ከመሬቱ ከስምንት እስከ አሥር ቀዳዳ ብሱ። እኔ ወፍራም ምስማር በምድጃ እሳት አግዬ ነው የምበሳው፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ምስማሩን በፒንሳ ይዛችሁ። ከዚያ ጋሎኑን ወገቡ ላይ፣ ከእጀታው በታች፣ ዙሪያውን ቁረጡት። እጀታው ያለበትን ጎን ሦስት ጣት ያህል ሳትቆርጡ ተዉት። እንደ ሳጥን ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አፈሩ ከሱቅ የሚገዛ ቀለል ያለ የችግኝ አፈር ይሁን። የጓሮ ሸክላ ጋሎን ውስጥ ሲገባ ጡብ ይሆናል። ከስምንት እስከ አሥር ሴንቲ ሙሉት። ከመዝራታችሁ በፊት አርጥቡት፤ ጨብጣችሁት አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ ልክ ነው። ከ20 እስከ 25 ዘር በትኑ፤ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት፤ ከላይ እንደ በርበሬ ነስነስ የተደረገ ስስ አፈር አልብሱት። የላይኛውን ግማሽ መልሱ፤ ወገቡን በወፍራም ፕላስተር ዙሪያውን እሰሩት።

ስሙን ጻፉበት። ከላይ ሳይሆን ከታች ከቂጡ ጻፉ፤ ፀሐይ የማርከር ቀለም ይበላል። እኔ አንድ ዓመት ከላይ ጽፌ ኤፕሪል ላይ የትኛው ኮንፍላወር፣ የትኛው ብላክ አይድ ሱዛን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ዘመድ ናቸው፤ ቡቃያቸውም ይመሳሰላል።

ከዚያ ውጭ አውጡትና ተዉት። ፀሐይና ዝናብ የሚያገኝበት፣ ነፋስ የማያንከባልለው ቦታ ይሁን። በረዶ ቢሸፍነው አትጥረጉለት። አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። ብርዱና እርጥበቱ ዘሩን የያዘውን እንቅልፍ ቀስ ብለው ያራግፉታል። የናንተ ሥራ አንድ ነው፤ በሳምንት አንዴ ጋሎኑን አንሡት። ከቀለለ ደርቋልና በጋሎኑ አፍ ትንሽ ውሃ አጠጡት።

ማርች ሲያልቅ ወይም ኤፕሪል ሲገባ አንድ ጠዋት ውስጡን ታያላችሁ። የጋሎኑ ግድግዳ ላብ አውጥቷል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነጠብጣብ። ያን ቀን እኔ ከሌሊት ሥራ መጥቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ጉልበቴ ላይ ተቀምጬ ነው የማየው። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ለስላሳና ክብ ናቸው፤ ከማንኛውም አረም አይለዩም። ትዕግሥት አድርጉ፣ አትንቀሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ቅጠል ሲመጣ ሹል ጫፍ ይኖረዋል፤ በጣታችሁ ስትነኩት እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ግንዱ ሥር ላይ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ጥላ አለ። ያኔ ኮንፍላወር መሆኑን እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

ቀኑ ሲሞቅ የላይኛውን ግማሽ ክፈቱላቸው፤ አለዚያ ፀሐዩ ያበስላቸዋል። ውርጭ ባለበት ሌሊት መልሳችሁ ዝጉ። ውጭ ስላደጉ ከውጭው አየር ጋር ቀስ በቀስ ማላመድ የሚባለው ጣጣ የለባቸውም።

በፍሪጅ፣ ወይም በቀጥታ መሬት ላይ

በረዶ የማይታይበት ከተማ የምትኖሩ፣ ወይም ጋሎን መደርደሪያ የሌላችሁ፣ ፍሪጅ ይሠራል። የወጥ ቤት ሶፍት አርጥባችሁ ጭመቁት፤ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። ዘሩን በላዩ በትኑ፣ እጠፉት፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ቀኑን ጻፉበት። ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። 30 ቀን ይቆይ። በየሳምንቱ ክፈቱና አየር ይግባው፤ ሻጋታ የያዘውን ዘር አውጥታችሁ ጣሉ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ምን እንደሆነ ንገሩት፤ የእኔን የመጀመሪያ ላስቲክ ልጄ የተበላሸ ምግብ መስሎት ጥሎታል።

ወሩ ሲሞላ ስስ አፈር አልብሳችሁ ዝሩት። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ65 እስከ 70 መሆኑ ነው፣ ይመቸዋል። ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ከበቀለ በኋላ የመስኮት ብርሃን አይበቃውም፤ ከላዩ አምፖል አድርጉለት። ወደ ውጭ ስታወጡት ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አላምዱት።

ኖቬምበር ላይ በቀጥታ መሬት ላይ መዝራትም ይቻላል። አረሙን ንቀሉ፣ አፈሩን በሬክ ጫሩ፣ ዘሩን በትናችሁ በእግራችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉ። ወፍ ድርሻውን ይወስዳል፤ ስለዚህ እጃችሁን ዘርጋ አድርጉ።

መትከልና የመጀመሪያው በጋ

በኛ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ያልፋል። እኔ ለጥንቃቄ ሜይ መጀመሪያን እጠብቃለሁ። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። በመካከላቸው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ተዉ። ችግኙ ትንሽ ስለሆነ ርቀቱ የበዛ ይመስላችኋል፤ በሁለተኛው ዓመት አንዱ ብቻውን የሰው ወገብ ይደርሳል። አፈራችሁ ሸክላ ከሆነ ትንሽ ኮምፖስት ቀላቅሉ፤ ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ብቻ አትትከሉ። ማዳበሪያ አታብዙ። የጠገበ ኮንፍላወር ቁመቱን ይጨምርና ዝናብ ሲመታው ይተኛል።

የመጀመሪያውን በጋ ውሃ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጡ። ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅ ይችላል። ጥንቸል ግን ለጋውን ችግኝ ትወዳለች፤ ቅጠሉ ከተሻከረና ካደገ በኋላ ትተወዋለች። እስከዚያ ድረስ የሽቦ መረብ ከብቡት።

ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ አያብብም። መሬት ላይ የተነጠፈ ሻካራ ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። ሥሩን እየሠራ ነው። በክረምት ደግሞ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ መሬቱ ባዶ ይሆናል። በ2019 ማርች ላይ ሞቷል ብዬ ሁለቱን ነቀልኳቸው። ሥሩን ገልብጬ ሳይ አናቱ ላይ የባቄላ ፍሬ የማያህሉ ሐምራዊ እምቡጦች ተደርድረዋል። ወዲያው መልሼ ቀበርኳቸው፤ አንዱ ተረፈ። ኤፕሪል መጨረሻ ሳይደርስ ሞቷል ብላችሁ አትፍረዱ።

ሲያብብ

በሁለተኛው ዓመት ከጁን መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኦገስት ያብባል። ጉልላቱን በቅርብ እዩት። ትናንሾቹ አበቦች በአንዴ አይከፈቱም፤ ከዳር ጀምረው በቀለበት በቀለበት ወደ መሐል ይሄዳሉ። ንቧም ያንን ቀለበት ተከትላ ትዞራለች። አንድ አበባ ላይ አንዲት ወፍራም ባምብልቢ ሌሊቱን አድራ፣ ጠል ክንፏ ላይ እንዳለ፣ ፀሐይ እስኪነካት ስትጠብቅ አይቻለሁ። ስለዚህ መድኃኒት አልረጭም። ጃፓን ቢትል የሚባለው አረንጓዴ ጥንዚዛ ጁላይ ላይ ሲመጣ በማለዳ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አራግፈዋለሁ፤ ያኔ ስለሚበርደው ቶሎ አይበርም።

አንድ ነገር ግን አትታገሡ። በ2021 አንዱ አበባ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ከጉልላቱ ላይ ቅጠል የሚመስል ነገር ተንጨፍርሮ። ልዩ ዓይነት መስሎኝ ተውኩት። በሚቀጥለው በጋ ሦስት ሆኑ። አስተር የሎውስ የሚባል በሽታ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሱት ቅጠል ላይ የሚዘሉ ትናንሽ ነፍሳት ናቸው፤ መድኃኒት የለውም። ቅጠሉም ከገረጣ፣ ከአንድ አበባ በላይ ከተበላሸ፣ ከነሥሩ ንቀሉና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። ጉልላቱ ላይ ብቻ ጥቂት የተጣመመ ጉንጉን ካያችሁ፣ የቀረው ተክል ግን ጤነኛ ከሆነ፣ በዓይን የማትታይ ማይት የምትባል ተባይ ናት፤ ያንን አበባ ቆርጣችሁ መጣል ይበቃል።

ሥሩን ለጉንፋን ቀቅዬ እጠጣ ወይ የሚሉኝ አሉ። የአሜሪካ ሣር ሜዳ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒት ተጠቅመውበታል፤ ዛሬም በሻይ ከረጢት ይሸጣል። እኔ ግን የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝና ከጓሮ ነቅሎ መቀቀልን ለማንም አልመክርም። በተለይ ራግዊድ የሚባለው አረም አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ከዱር መንቀል ደግሞ ነውር ነው። የቴኔሲው ኮንፍላወር በ1979 ሊጠፉ ከተቃረቡ ዕፅዋት ዝርዝር ገብቶ፣ ከብዙ ጥበቃ በኋላ በ2011 ነው የወጣው።

ዘር መልቀም

እስከ ኦገስት አጋማሽ የደረቀውን አበባ እቆርጣለሁ፤ ሌላ ያወጣል። ከዚያ በኋላ እተዋለሁ። ጎልድፊንች የምትባለው ቢጫ ወፍ ትመጣለች። ጉልላቱ ላይ ቆማ ዘሩን እየመዘዘች ትበላለች። ለዚችው ወፍ እዚህ ሰዎች ኑግ ገዝተው ይሰቅሉላታል። ከኢትዮጵያም ነው የሚመጣው፤ እንዳይበቅል ግን በሙቀት ይታከማል። እማዬ ከረጢቱን አይታ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው፤ «የኛው ነው» አለች።

ለራሳችሁ ዘር የምትፈልጉ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ፣ ጉልላቱ ጠቁሮ ግንዱ ከሥሩ ሲደርቅ፣ በደረቅ ቀን ቁረጡ። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ጓንት አድርጉ፤ እሾሁ ጣት ውስጥ ይሰበራል። እኔ በፊት ማሰሮ ውስጥ ከጠጠር ጋር አድርጌ አንቀጠቅጠው ነበር። ባለፈው ኦክቶበር እማዬ አይታ ዝም አላለችም። ሰፌዱን ከግድግዳ አወረደች። ጉልላቶቹን በመዳፏ ፈተገች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ጤፍ አንገዋለለችው። እሾሁና ገለባው ወደ ሰፌዱ ጫፍ ሄደ፣ ዘሩ ወደ እሷ ቀረ። እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን በ20 ደቂቃ ጨረሰችው።

ሰፌድ ላይ የቀረውን አንድ በአንድ በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። የሚጎብጠው ባዶ ነው፤ ጥፍራችሁን የሚቋቋመው ፍሬ ያለው ነው። ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ዓመቱን ጻፉበት፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የመብቀል አቅሙ ይቀንሳል። ማግነስን ከመሳሰሉት የለቀማችሁት ዘር እናቱን ሙሉ በሙሉ ላይመስል ይችላል፤ ተራው ፑርፑሪያ ግን ይመስላል።

ገለባውን እማዬ አልጣለችውም። ከአጥሩ ሥር፣ ከጋሎኖቹ ኋላ አራገፈችው። በዚህ ኤፕሪል ጋሎኖቹን ሳነሳ ከሥራቸው ሰባት ሻካራ ቅጠል ያላቸው ችግኞች አገኘሁ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት።